እማዬ፣ መጽሐፉን ዝጊው

ፈተናውን መጀመሪያ ስወድቅ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለተኛ ጊዜ ስወድቅ ግን መደበቅ አቃተኝ። ቤት ስገባ ልጄ ፊቴን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ነርስ ነኝ። ከዓመታት ሥራ በኋላ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሳልፍ የሙያ ፈተና ነበረብኝ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ልጅ አስተኝቼ አጠናለሁ። ዘጠኝ ወር እንዲህ ገፋሁ። ያንን የሚያህል መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ ጨረስኩት። ሃይላይተር ስንት እንደጨረስኩ አላውቅም። መጀመሪያ በቢጫ ቀባሁ። በሁለተኛው ዙር ከቢጫው ውስጥ ዋና ዋናውን በሮዝ ቀባሁ። በአራተኛው ዙር ሳይቀባ የቀረው መስመር ከተቀባው ያንስ ነበር።

ሳያጠኑ መውደቅ አንድ ነገር ነው። አጥንቶ መውደቅ ግን ሰውን በራሱ ላይ ያስነሳዋል። "ችግሩ ጭንቅላቴ ነው" ያሰኛል። እኔ እንደዚያ እያልኩ ሁለት ዓመት ገደማ አባክኛለሁ። እናንተ እንዳታባክኑ ነው ይህን የምጽፈው።

አንዷን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ዲጎክሲን የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ አለ። የደም ምርመራው ፖታሲየም 2.9 ይላል፣ ከሚገባው በታች ነው። ከሁሉ በፊት የሚያሰጋው ምንድን ነው? ጥያቄውን እንዳነበብኩ ገጹ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የግራ ገጽ ነው። ከታች በኩል። በሮዝ ቀብቼዋለሁ፣ ጥጉ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሶበታል። ቀለሙ የፈሰሰበትን ቅርጽ ሳይቀር አየዋለሁ። ጽሑፉ ግን የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ ግንባሬን አሸሁ። ምንም። እሷን ብዬ ከሰባት ደቂቃ በላይ አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ የመጡትን የማውቃቸውንም ጥያቄዎች በድንጋጤ አበላሸሁ።

ፈተናው አልቆ ደረጃውን ስወርድ፣ ገና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳለሁ፣ መልሱ ዱብ አለልኝ። ፖታሲየም ሲያንስ የዲጎክሲን መርዛማነት ይጨምራል። ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።

ያበገነኝ ይሄ ነው። ካላወቅኩት እንዴት ደረጃው ላይ መጣ? ካወቅኩትስ አዳራሹ ውስጥ የት ሄዶ ነበር?

ያኔ ግን ይህን ጥያቄ በደንብ ከመያዝ ይልቅ ወደ ፍርሃት ሮጥኩ። የመርሳት በሽታ በጊዜ ጀምሮኛል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ስህተት ማስረጃ ሆነችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ለምን እንደገባሁ ስረሳ ልቤ ይመታል። የሰው ስም አፌ ላይ ደርሶ ሲጠፋ ላብ ያጠምቀኛል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሩ ብዙ ጠየቀኝ፣ መረመረኝም። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፦

"ለመሆኑ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?"

"አራት። ሲበዛ አምስት።"

"ሲያጠኑ ስልክዎ የት ነው?"

"መጽሐፉ አጠገብ።"

ፈገግ አለ። "እንግዲህ በመጀመሪያ ይተኙ" አለኝ። ተናደድኩ። ያን ያህል ወረፋ ጠብቄ እንቅልፍ ይታዘዝልኛል? ትክክል እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። በነገራችን ላይ፣ የለመዱት መንገድ የሚጠፋበት ወይም አንድ ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ካላችሁ፣ የእኔን ታሪክ አንብባችሁ አትዘናጉ። ሐኪም ይየው።

ነገሩ የተገለበጠው ሐኪም ቤት አይደለም፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። አንድ ማታ የማባዛት ሰንጠረዥ ስትሸመድድ ሰማኋት። ወረቀቱን ገልብጣ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ገልጣ ታያለች። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሁሌ ትሳሳታለች። ስትሳሳት "ውይ!" ብላ ግንባሯን ትመታና እንደገና ትገለብጣለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሃይላይተሬን ይዣለሁ። አየችኝ፣ አየችኝና፦

"እማዬ፣ አንቺ ማንም አይጠይቅሽም?"

"ራሴ ነኝ የማነበው።"

"እኔ ልጠይቅሽ። መጽሐፉን ዝጊው።"

ዘጋሁት። ከደቂቃ በፊት ያነበብኩትን ገጽ ንገሪኝ አለች። አፌን ከፈትኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ወጣ። ሦስተኛው ላይ "ማለቴ… እንትን…" ማለት ጀመርኩ። አምስተኛ ዙር ላይ ነኝ እኮ! ያንን ገጽ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስከፍተው ሁሉንም አውቀዋለሁ። ስዘጋው ግን እጄ ላይ የለም።

የዚያን ማታ ነው ልዩነቱን ያየሁት። እኔ "አውቀዋለሁ" የምለው መለየትን ነበር። የሰው ፊት አይቶ "ይህችንስ አውቃታለሁ" እንደማለት ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ ፊቱ በሌለበት ስሙን መጥራትን ነው። ደጋግሞ ማንበብ ገጹን ያለማምዳል። መልመዱ እንደ ማወቅ ይጣፍጣል። የዘጠኝ ወር ልፋቴን የበላው ይህ ጣዕም ነው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የነርሲንግ መጽሐፉን ትቼ ትውስታ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። ባለቤቴ "አሁን ደግሞ ሌላ ትምህርት ጀመርሽ?" አለኝ። ከዘጠኙ ወር ሁሉ የጠቀመኝ ግን ያ ሁለት ሳምንት ነው።

በአጭሩ ትውስታ ሦስት ሥራ አለው። መያዝ፣ ማኖር፣ ማውጣት። እኔ ሦስቱንም አንድ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ አንዱ ሲበላሽና ሌላው ሲበላሽ መድኃኒታቸው ይለያያል።

ከመያዙ ልጀምር። አሁን በዚህች ቅጽበት ሐሳባችን ላይ ያለውን የሚይዘው ክፍል በጣም ጠባብ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ሰባት ገደማ ነገር ይይዛል ብሎ ጻፈ። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ አራት አወረዱት። አራት! ስልክ ቁጥር ስንናገር ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት እያደረግን የምንቆርጠው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ መጽሐፉን፣ የስልኩን መልእክት፣ የነገውን የሥራ ተራና የልጄን ሳል በአንድ ላይ ለመጫን ስታገል ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ለምን እንደገባሁ ስረሳም የበሽታ ምልክት አልነበረም። ስሄድ ሌላ ነገር እያሰብኩ ስለነበር ከመጀመሪያው በደንብ አልተያዘም። ያልተያዘ ነገር ደግሞ ተረሳ አይባልም።

መፍትሔዬ ቀላል ነበር። ስልኩን ሌላ ክፍል ወሰድኩት። "ድምፁን አጥፍቼ አጠገቤ ይሁን" የሚለውን ሞክሬዋለሁ፣ አያዋጣም። እጅ ራሱ ይሄዳል።

ወደ ማኖሩ ስመጣ አንድ ሰው አለ፣ ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ። ሄንሪ ሞሌይሰን ይባላል፣ አሜሪካዊ። በ1953 እ.ኤ.አ.፣ በ27 ዓመቱ፣ የሚጥል በሽታው እንዲሻለው ብለው በቀዶ ሕክምና ከአንጎሉ ከሁለቱም ጎን ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን አወጡለት። የሚጥል በሽታው ቀለለለት። አዲስ ነገር ማስታወስ ግን አከተመ። ልጅነቱን ያስታውሳል። ጨዋታ ይጫወታል፣ ያስቃል። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ያወራው ሰው ማን እንደነበር አያውቅም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ለዓመታት ስታጠናው በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ ትተዋወቀው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖረ።

ከታሪኩ ውስጥ እኔን ፍዝዝ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። ሚልነር የኮከብ ሥዕል ሰጠችው። በቀጥታ ሳይሆን መስታወት ውስጥ እያየ በመስመሩ ላይ እንዲሄድ። ሞክሩት፣ እጅ ተቃራኒ ነው የሚሄደው። በተከታታይ ቀናት እየተሻሻለ ሄደ፣ ጎበዝ ሆነ። በየጊዜው ግን ከዚህ በፊት ሠርቼው አላውቅም ይላል። እጁ ያስታውሳል፣ እሱ አያስታውስም።

እዚህ ላይ ራሴን አገኘሁት። እኔ ደም ሥር ማግኘት ላይ የሚስተካከለኝ የለም። ጨለማ ውስጥ ብትሰጡኝ አገኘዋለሁ። እንዴት እንደማደርገው በቃል አስረጂ ብትሉኝ ግን እንተባተባለሁ። የእጅ ትውስታና የቃል ትውስታ የሚኖሩት በተለያየ መንገድ ነው። እኔ ደግሞ "ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ይህን ምዕራፍ ማጥናት አያስፈልገኝም" ብዬ የዘለልኳቸው ምዕራፎች ነበሩ። ከፍተኛ ነጥብ የጣልኩት እነሱ ላይ ነው። የሥራ ልምድ ያላችሁ ተፈታኞች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ።

ሂፖካምፐስ አዲሱን ነገር ተቀብሎ እንዲሰነብት ያግዛል። ሙሉ ሥራው ግን በአንድ ጀምበር አያልቅም፣ ብዙው የሚከናወነው ተኝተን ነው። ቀን የያዝነውን አንጎል በእንቅልፍ ውስጥ እየደጋገመ ያጸናዋል። በ1924 እ.ኤ.አ. ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ትርጉም የሌላቸው ቃላት ያሸመደዷቸው ተማሪዎች ተኝተው ሲነሱ ያስታወሱት፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ከቆዩ በኋላ ካስታወሱት የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። እኔ ሌሊቱን አንግቼ ሳጠና ያደረግኩት ሲሚንቶ አፍስሼ ሳይደርቅ በላዩ መሄድ ነበር። የዶክተሩ "ይተኙ" ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅኩ። ማታ የማጠናውን ሁለት ሰዓት ቀነስኩ። ይህ ውሳኔ ከሁሉም ከባዱ ነበር። የሚያጠና ሰው ሲተኛ የሰረቀ ያህል ይሰማዋል።

ትርጉም ሌላው የማኖሪያ መላ ነው። የዲጎክሲኗን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ቀብቼ ሸምድጃታለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ስጠይቅ ነገሩ ሁለት መስመር ነው። ዲጎክሲንና ፖታሲየም በልብ ሴል ላይ አንዲት ወንበር ይሻማሉ። ፖታሲየም ሲያንስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ዲጎክሲን ደግሞ ገብቶ ይንሰራፋል። በቃ። ከዚያ ቀን በኋላ ይቺን ለማስታወስ ታግዬ አላውቅም። "ለምን?" ብሎ የያዙት ነገር ብዙ እጀታ አለው። በአንዱ ቢያመልጥ በሌላው ይጎተታል።

አሁን ወደ ማውጣቱ። የእኔ ዋና በሽታ እዚህ ነበር።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ አለ። ሰውየው ብቻውን፣ ራሱን መሞከሪያ አድርጎ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ መርሳቱን ይለካ ነበር። አለካኩ ደስ ይላል። ያንኑ ዝርዝር እንደገና ለመሸምደድ ስንት ጊዜ እንደተረፈለት ያያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል። ከአንድ ቀን በኋላ ሁለት ሦስተኛው። ከአንድ ወር በኋላ ግን አሁንም አንድ አምስተኛ ገደማ ነበረው። ይህን ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ። በማግስቱ ብዙውን መርሳት የእኔ ጉድለት ሳይሆን የሰው ልጅ ሥሪት ነው። ሙልጭ ብሎ የጠፋ የሚመስለውም ቢሆን ሁለተኛውን ዙር ያቀልላል።

ልጄ ያደረገችውን ነገር ደግሞ በጥናት ያረጋገጡ ሰዎች አገኘሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዱን የተማሪዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ አስነበቡት። ሌላው ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፣ 83 ከመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ተገለበጠ። አንባቢዎቹ 40፣ ሌሎቹ 61። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ሕይወቴን አየሁት። መጽሐፉን ስዘጋ ጎበዝ፣ ፈተና ቀን ባዶ።

እናም ካርድ መጻፍ ጀመርኩ። በአንድ ፊት ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። በቀን ሃያ፣ ከዚያ አይበልጥም። የዛሬውን ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ፣ በወሩ እያልኩ እጠይቃለሁ። ቀናቱ የእኔ ናቸው፣ ሕግ አይደሉም። ዋናው ሊጠፋ ሲል ደርሶ ማውጣት ነው። ገና ትኩስ እያለ ማውጣት ድካም የለውም፣ ድካም የሌለው ደግሞ ብዙ አይጠቅምም።

የመጀመሪያው ወር አስጠሊታ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም። ስታነቡ ጎበዝ ነኝ ትላላችሁ፣ ራሳችሁን ስትጠይቁ ደደብ ነኝ ትላላችሁ። ከሃያው ካርድ ሰባት ስመልስ ሁለት ጊዜ ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ወደ ሃይላይተሬ ተመልሻለሁ። ያወጣኝ ልጄ ናት፣ ማታ ማታ "ካርዱስ?" እያለች። ብቻችሁን ከሆናችሁ ይህ ወር እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁት። "ውይ!" የምትሉበት ቅጽበት ነው ሥራው የሚሠራበት።

አንድ ትልቅ ስህተት ደግሞ እዚሁ ሠራሁ። ፍጥነት ወደድኩና መልሱን ሳልገለብጥ "ይቺንስ አውቃታለሁ" እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ። ለሁለት ሳምንት። አንድ ማታ ልጄ ስትጠይቀኝ ካርዷ የልብ ምት ግራፍ ላይ ናት። ፖታሲየም ሲበዛ ቲ ሞገድ የሚባለው የግራፉ ጉብታ ምን ይሆናል? "ይተኛል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል" አልኩ፣ ሳላመነታ።

"አይደለም፣ ይሾላል ነው የሚለው።"

"ገልብጠሽ ይዘሽው ይሆናል።"

"እማዬ፣ እይው።"

ተከራከርኳት! ለአሥር ዓመት ልጅ "በዓይኔ ነው ያየሁት፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ" ብዬ ማልኩ። መጽሐፉን አወጣሁ። ሲበዛ ይሾላል፣ ሲያንስ ይተኛል። በራሴ እጅ፣ በሮዝ የተቀባ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ለሁለት ሳምንት ሳወጣ የከረምኩት ስህተቱን ነበር፣ ባወጣሁት ቁጥር ደግሞ አጠንክሬዋለሁ።

ትውስታ እንደ ፎቶ አይደለም የተቀመጠው። ስናወጣው ከቁርጥራጭ እንደ አዲስ እንገጣጥመዋለን፣ ስንገጣጥም የሌለ ነገር ይገባበታል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። አንዳንዶቹን መኪኖቹ "ሲጋጩ" ፍጥነታቸው ስንት ነበር አሏቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ "ሲደቃቀቁ" በሚያሰኝ ቃል ጠየቋቸው። ጠንከር ያለውን ቃል የሰሙት ከፍ ያለ ፍጥነት ተናገሩ። ከሳምንት በኋላም የተሰበረ መስታወት አይተናል ያሉት ከእነሱ ወገን በዙ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። እኔና እህቴም እንዲህ ያለ ጣጣ አለብን። የአባታችንን ማረፍ በስልክ የሰማሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ እሷም እኔ ነኝ ትላለች። ሁለታችንም የስልኩን ድምፅ እንሰማዋለን። ድሮ እንጣላ ነበር፣ አሁን ትተነዋል።

ስለዚህ እርግጠኛነታችሁን አትመኑት። ካርዱን ገልብጡ። በየጊዜው፣ ሁሌም፣ "ይቺንስ" ባላችሁበት ጊዜ በተለይ።

የቀረኝ ያ ደረጃ ነው። መልሱ ለምን አዳራሹ ውስጥ ጠፍቶ ደረጃው ላይ መጣ? ስንጨነቅ ሰውነታችን የሚያመነጨው ኮርቲሶል ማውጣትን ያውካል። ያለው ነገር አለ፣ በሩ ነው የሚጠብበው። አንድ የተሳሳተ መንገድ ላይ ሙጭጭ ማለትም በሩን ይዘጋዋል። እኔ ገጹን፣ ቀለሙን፣ ጥጉን እየተከተልኩ ነበር፣ መልሱ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። ስለቀው፣ ጭንቀቱም ሲለቀኝ፣ ራሱ መጣ።

አንድ ነገር ስንይዝ ቦታውንና አካባቢውንም አብረን እንይዘዋለን። ጎደንና ባደሊ በ1975 እ.ኤ.አ. ጠላቂ ዋናተኞችን ቃላት አስጠንተው ነበር፣ አንዳንዴ ውኃ ውስጥ፣ አንዳንዴ መሬት ላይ። ውኃ ውስጥ ያጠኑትን ውኃ ውስጥ፣ መሬት ላይ ያጠኑትን መሬት ላይ የተሻለ አስታወሱ። እኔ ደግሞ ዘጠኙን ወር ያጠናሁት አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ መብራት ሥር፣ በእኩለ ሌሊት ነው። ፈተናው ጠዋት ነው፣ ጸጥ ያለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ። ስለዚህ ቦታ መቀያየር ጀመርኩ። ካርዶቹን ወረፋ ላይ፣ ሥራ ቦታ ተራዬ ከመጀመሩ በፊት፣ ቆሜ፣ እየሄድኩ። በሳምንት አንድ ጠዋት ደግሞ ሰዓት ሞልቼ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ፣ እንደ ፈተና እፈተናለሁ። ልቤ እንዲመታ ፈልጌ ነው። ልብ እየመታ ማውጣትም ልምምድ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ፈተና ላይ ባዶ የሆንኩባቸው ጥያቄዎች አልጠፉም። አንዷ ገና አራተኛው ጥያቄ ላይ ነበረች። ያው ስሜት መጣ፣ ገጹ ድቅን አለ፣ ጽሑፉ የለም። ጥያቄዋ ላይ ነጥብ አደረግኩና አለፍኳት። እንደዚያ ማለፍ ድሮ ሽንፈት ይመስለኝ ነበር። ወደ ሠላሳው ላይ ስደርስ አንድ ሌላ ጥያቄ ውስጥ ያለች ቃል ጎትታ አመጣችልኝ። ተመልሼ ጻፍኩ። ሁለቱ ሳይመጡ ቀሩ፣ ደረጃውም ላይ አልመጡም። ይሁን።

አለፍኩ። ነጥቤ ያን ያህል የሚያስፎክር አይደለም፣ ግን አለፍኩ።

አሁን የሥራ ባልደረቦቼ ለተመሳሳይ ፈተና ሲዘጋጁ "ካርዶችሽን ስጪን" ይሉኛል። ወደ ስምንት መቶ ካርድ በሁለት የጫማ ካርቶን ውስጥ አለኝ። እምቢ ስላቸው መጀመሪያ ይቀየሙኛል። ንፉግ ሆኜ አይደለም። ጥያቄውን ማውጣት፣ መልሱን በራስ ቃል ማሳጠር፣ "ለምን?" ብሎ ጥጉ ላይ መጫር፣ የሥራው ግማሽ እዚያ ነው። የእኔን ካርድ ብትወስዱ የምታነቡት ሌላ መጽሐፍ አገኛችሁ ማለት ነው። ባዶ ካርድ ግን እሰጣለሁ። ማታ የሚጠይቃቸው ሰው ላጡት ደግሞ ልጄን አውሳቸዋለሁ፣ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ምሕረት የላትም።